የቃላት ሠራተኛው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን



ባለፈው የትምህርት ዘመን ከመካከላችን አንዱ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ በመምህራንና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የአንድ በሽተኛ ታሪክ በእንግሊዝኛ ያነብ ነበር። ሰውዬው አምስት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልተነሣ ሕመምተኛ መሆኑን ለመግለጽ «ኢንቫሊድ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ቃሉን ያገኘው ከመጽሐፍ ነው፤ ትርጉሙንም በሚገባ ያውቃል። ነገር ግን ድምፁን ማጠንከር የነበረበት በመጀመሪያው የቃሉ ክፍል ላይ ሲሆን እርሱ በሁለተኛው ላይ አጠነከረው። እንዲህ ሲባል ቃሉ አቅመ ደካማ ሕመምተኛ ማለቱ ይቀርና ዋጋ የሌለው፣ የማያገለግል ማለት ይሆናል፤ ጊዜው ስላለፈበት ሰነድ የሚነገር ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ተማሪ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ድረስ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ከረመ።

ይህን የምናነሣው ወሬ ለማብዛት አይደለም። በነፃ ትምህርት ዕድል ከአገራችን ወጥተን እዚህ የምንማር ሁሉ ይህ ነገር በየመልኩ ስለሚደርስብን ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው የሚናገረው በዐረብኛ ነው፤ እኛ የምናስበው በአማርኛ ነው። በሦስቱ መካከል ቃል ሲጠፋብን ወይም ሲጣመምብን እናፍራለን፤ ስናፍር ዝም እንላለን፤ ዝም ስንል ደግሞ ሳናውቅ እናልፋለን። ሳያውቅ ያለፈ የሕክምና ተማሪ ነገ በማን ላይ እንደሚሠራ መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንግሊዝኛን በቃላት በቃላቱ ለቅሞ በመዝገብ ያሰፈረውን የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰንን ሕይወት በአጭሩ ለማቅረብ ወደናል። ሰውዬው ከአገራችን ጋርም ያልተጠበቀ ግንኙነት አለው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልደቱና ልጅነቱ

ሳሙኤል ጆንሰን በመስከረም ወር 1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስታፎርድሽር በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ሊችፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበር። መጽሐፍ ሞልቶት ገንዘብ የጎደለው ሰው ነበር ማለት ይቻላል። እናቱ ሣራ ስትወልደው አርባ ዓመቷ ነበር።

ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል «ስክሮፉላ» በሚባል በሽታ ተያዘ። ይህ በቲቢ ተሕዋስ ምክንያት የአንገት ዕጢዎች የሚያብጡበትና የሚመግሉበት በሽታ ነው። በዚህ የተነሣ የግራ ዓይኑ ብርሃን እጅግ ደከመ፤ የግራ ጆሮውም መስማት ተሳነው፤ አንገቱና ፊቱ ላይ ዕድሜ ልኩን ያልጠፋ ጠባሳ ቀረበት። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ይህን በሽታ የንጉሥ በሽታ ይሉት ነበር፤ ንጉሥ በእጁ ቢዳስሰው ይድናል ብለው ያምኑ ነበርና። እናቱም በ1712 ዓ.ም. ለንደን ድረስ ወስዳ በንግሥት አን እጅ አስዳሰሰችው። በሽታው አልዳነም። በዚያን ቀን የተሰጠውን የወርቅ ሜዳይ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በአንገቱ አሥሮት ኖረ። ጠበል አስጠምቀው በአንገታችን ክታብ ያሠሩልን እናቶች ላሉን ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብንም።

ከዚህም ሌላ ጭንቅላቱን፣ ትከሻውንና እጁን ሳያስበው የሚያንቀጠቅጠው፣ ከአፉም ድንገተኛ ድምፅ የሚያወጣ አመል ነበረበት። የዛሬ ሐኪሞች ብዙዎቹ ይህ ቱሬት የሚባለው የነርቭ ሕመም እንደ ነበር ያምናሉ። በዚህ ምክንያት በልጅነቱም በጎልማሳነቱም ያላወቁት ሰዎች ሞኝ እየመሰላቸው ይሥቁበት ነበር።

ጫማው የተቀደደ ተማሪ

ጆንሰን በ1728 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። በንባብ ከጓደኞቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ያደገ ልጅ ነውና። ይሁን እንጂ የተባለለት ገንዘብ ሳይመጣ ቀረ። ጫማው ተቀድዶ ጣቶቹ ይታዩ ጀመር። በሌላ ኮሌጅ ከሚማር ወዳጁ ዘንድ እየሄደ የአንድ ታዋቂ መምህርን ትምህርት ከማስታወሻ ይወስድ ነበር፤ የዚያ ኮሌጅ ልጆች ጫማውን ማየታቸውን ባወቀ ጊዜ ግን መሄዱን ተወ። አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በስውር ከደጁ ቢያስቀምጥለት፣ ጆንሰን አንሥቶ ወዲያ ወረወረው። ከአሥራ ሦስት ወር ያህል በኋላም ያለ ዲግሪ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ስለዚህ ጫማ ነገር በመኝታ ቤታችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ኩራቱን እናደንቃለን። ሌሎቻችን ደግሞ ጫማውን አድርጎ ትምህርቱን ቢጨርስ ይሻል ነበር እንላለን። የጋራ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ኀፍረት ሰውን ከትምህርት ገበታ እንደሚያስነሣ ጆንሰን ራሱ ምስክር ነው። ኀፍረት ግን ከመማር ሊያግደው አልቻለም።

የአባ ሎቦ መጽሐፍና ኢትዮጵያ

አባቱ በ1731 ዓ.ም. ሞተ። ጆንሰን በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሥራውን ጠልቶ ጥሎት ወጣ። ከዚያ በበርሚንግሃም ከተማ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ላይ ሳለ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሠራ። መጽሐፉ ስለ ምን ነበር ቢሉ ስለ ኢትዮጵያ!

ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን ተቀምጦ ነበር። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ወጥቶ ያየውን ጽፏል። ለ ግራን የተባለ ፈረንሳዊ ይህን ወደ ፈረንሳይኛ መልሶት ስለ ነበር ጆንሰን ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ አዞረው። የሠራበትም መንገድ ልዩ ነው፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ መጽሐፉን እያነበበ ቃል በቃል ይናገራል፤ ወዳጁ ሄክተር ይጽፋል። በ1735 ዓ.ም. ታተመ። ለዚህ ሥራ የተከፈለው አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። በመግቢያው ላይ ጆንሰን ሎቦን የሚያመሰግነው ተአምርና ጭራቅ ባለመፍጠሩ ነው። የሰው ልጅ በሄደበት አገር ሁሉ በጎና ክፉ ተቀላቅሎ እንደሚገኝ፣ የትም ቢሆን ፍጹም አውሬ ወይም ፍጹም መልአክ እንደሌለ ያስረዳል። ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት፣ ያውም ለዚያ ዘመን አውሮፓዊ፣ ይህ ትልቅ አስተያየት ነው።

በዚያው ዓመት በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የምትበልጠውን ኤልሳቤጥ ፖርተር የተባለች ባል የሞተባት ሴት አገባ። በእርሷ ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የመጡት ተማሪዎች ግን ጥቂት ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ በኋላ የእንግሊዝ ዝነኛ የቴአትር ሰው የሆነው ዴቪድ ጋሪክ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በ1737 ዓ.ም. አስተማሪና ተማሪ አብረው ለንደን ገቡ።

በለንደን ጆንሰን ለመጽሔት እየጻፈ ከእጅ ወደ አፍ ኖረ። በዚህም ጊዜ የልጅነት ጓደኛው ዶክተር ሮበርት ጄምስ በ1743 እና በ1745 ዓ.ም. መካከል ያሳተመውን ትልቅ የሕክምና መዝገበ ቃላት በጽሑፍ ረድቶታል። እንግዲህ የሕክምና ቃላትን ከእኛ ቀድሞ የታገለ ሰው ነው።

መዝገበ ቃላቱ

በ1746 ዓ.ም. የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ተባብረው ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ታላቅ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ ከጆንሰን ጋር ውል ተዋዋሉ። ዋጋው 1575 ፓውንድ ነው፤ የረዳቶች ደመወዝም ከዚያው ላይ ይወጣል። ፈረንሳዮች ይህን የመሰለ ሥራ የሠሩት አርባ አባላት ባሉት አካዳሚ፣ ከሃምሳ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ነበር። ጆንሰን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት።

ከእርሱ በፊት መዝገበ ቃላት አልነበረም ማለት አይደለም። በ1604 ዓ.ም. ሮበርት ኮድሪ የተባለ ሰው ወደ 2500 የሚሆኑ አስቸጋሪ ቃላትን ለቅሞ አሳትሟል። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ተከትለውታል። የእነዚያ አብዛኞቹ ሐሳብ እኛ ዛሬ ለፈተና ከምናደርገው ጋር ይመሳሰላል፤ ከባድ የሚመስለውን ቃል ነጥሎ ማውጣትና ከጎኑ አንድ ትርጉም መጻፍ።

ጆንሰን የያዘው መንገድ ሌላ ነው። በለንደን ጎፍ ስኩዌር በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየ። ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ዘርግቶ ስድስት ጸሐፊዎች አስቀመጠ፤ ከስድስቱ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። እርሱ ታላላቅ ጸሐፊዎችን አንድ በአንድ ያነባል፤ ሼክስፒርን፣ ሚልተንን፣ ቤከንን፣ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የሐኪሞችንና የአትክልተኞችን መጽሐፍ ሳይቀር። ቃል ባገኘ ጊዜ በእርሳስ ያሰምርበታል፤ በኅዳጉም ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ጸሐፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ በቁራጭ ወረቀት እየገለበጡ በፊደል ተራ ያኖራሉ። ወዳጆቹ መጽሐፍ ማዋስ ይፈሩ ነበር፤ ቆሽሾና ተሰማምሮ ይመለስላቸዋልና።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጆንሰን በመጀመሪያ ትርጉም አልጻፈም። በመጀመሪያ ቃሉን ከነቤተሰቡ፣ ከነጎረቤቱ፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ ያዘው። ትርጉሙን የጻፈው ከዚያ በኋላ፣ ቁራጮቹን ደርድሮ እያነጻጸረ ነው። ለዚህ ነው ለአንድ ቃል በቁጥር የተለያዩ ብዙ ትርጉሞች ሊሰጥ የቻለው። «ቴክ» የሚለውን፣ ማንም ሕፃን የሚያውቀውን ግስ፣ በ134 ትርጉም ከፋፍሎታል። ከዚህ የምንረዳው ከባድ የሚባሉት ቃላት ቀላል፣ ቀላል የሚባሉት ደግሞ ከባድ መሆናቸውን ነው። ከግሪክ የመጣ ረጅም የበሽታ ስም አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው በአንድ ሌሊት ይያዛል። «ቴክ ኢን»፣ «ቴክ ኦፍ»፣ «ቴክ ቱ» የሚሉት ግን ስንት ጊዜ አሳስተውናል! ጆንሰን በመቅድሙ ላይ ይህን አስተውሎ፣ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ትርጉሙን ሲለውጥ ከሁሉ ይልቅ የውጭ አገር ሰዎችን እንደሚያስቸግር ገልጾ፣ ስለዚህም እነዚህን በልዩ ጥንቃቄ እንደ ሰበሰበ ይናገራል። እኛን አስቦ ነበር ማለት ነው።

በሥራው መካከል፣ በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተች። ሐዘኑ ሥራውን ሊያስቆመው ምንም አልቀረውም ነበር። የመዝገቡ ዕቅድ የቀረበለት ሎርድ ቼስተርፊልድ የተባለ መኰንን አሥር ፓውንድ ከሰጠው በኋላ ለዓመታት ዘወር ብሎ አላየውም። መጽሐፉ ሊወጣ ሲቃረብ ግን በጋዜጣ ያሞግሰው ጀመር። ጆንሰን በጨዋ ቃል ነገር ግን በማይረሳ ደብዳቤ፣ ውሃ ውስጥ ሲታገል ያልረዳ ሰው ዳር ከደረሰ በኋላ መጥቶ ረዳት ነኝ ማለት እንደማይገባው አስታወቀው።

መዝገበ ቃላቱ በሚያዝያ ወር 1755 ዓ.ም. በሁለት ታላላቅ ቅጾች ታተመ። ውስጡ 42773 ቃላትና ከ110000 በላይ ምሳሌዎች ነበሩበት። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ያለ ዲግሪ ለሄደው ለዚያ ጫማ አልባ ተማሪ፣ በመጽሐፉ ርእስ ገጽ ላይ እንዲወጣለት የማስተርስ ዲግሪ ሰጠው። የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘው በኋላ ነው፤ በ1765 ከደብሊን፣ በ1775 ከኦክስፎርድ።

ስሕተት አልነበረበትም አንልም። የፈረስን እግር አንድ ክፍል ጉልበት ነው ብሎ ተርጕሞ ነበር። አንዲት ሴት ለምን እንዲህ እንዳለ ብትጠይቀው ምክንያት ሳይደረድር ባለማወቅ መሆኑን ተናገረ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስንቶቻችን ነን በመምህር ፊት እንዲህ የምንመልስ?

የአነጋገር ነገር

አሁን ወደ ቆሰልንበት ነገር እንመለስ። ጆንሰን በየቃሉ ላይ ድምፁ የሚጠነክርበትን ቦታ በምልክት አሳይቷል። ሙሉ አነባበቡን ግን አልጻፈም። አጠቃላይ ምክሩ፣ መልካም ተናጋሪ ከተጻፈው ፊደል ብዙ የማይርቅ ነው የሚል ነበር። ይህ ምክር ለእኛ አይበቃም፤ ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ውስጥ የተጻፈው «ቢ» ሳይነበብ ይቀራልና። ሙሉ አነባበብ የሚያሳዩ ታላላቅ መዝገቦች ከእርሱ በኋላ መጡ፤ የቶማስ ሸሪዳን በ1780፣ የጆን ዎከር በ1791 ዓ.ም.። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ዳንኤል ጆንስ በዓለም አቀፍ የድምፅ ፊደል የተጻፈ የአነባበብ መዝገብ አሳተመ።

ሸሪዳን የአየርላንድ ሰው ነበር። ጆንሰን ይህን ጠቅሶ አንድ አየርላንዳዊ የእንግሊዝኛን አነባበብ ሊወስን እንዴት ይችላል እያለ ይሣለቅ ነበር። ከዚያው ጋር ግን አንድ ቁም ነገር ተናግሯል። የመዝገቡን ዕቅድ ሲያወጣ «ግሬት» ስለሚለው ቃል ሁለት ሰዎች አስተያየት ሰጥተውት ነበር፤ አንዱ በመኳንንቱ ምክር ቤት፣ ሌላው በሕዝቡ ምክር ቤት የታወቁ አንደበተ ርቱዓን ናቸው። አንዱ «ግሬት» ነው አለው፤ ሌላው «ግሪት» ነው፣ ሌላ የሚል አየርላንዳዊ ብቻ ነው አለው። ጆንሰን ከዚህ ተነሥቶ፣ ሊቃውንቱ ካልተስማሙ አነባበብን ማን ሊወስነው እንደሚችል ይጠይቃል። ዛሬ ያሸነፈው የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ሌላ ነው። ጆንሰን ራሱ እስኪሞት የስታፎርድሽር ገጠር ለዛ አልለቀቀውም። «ፓንች» የተባለውን መጠጥ «ፑንሽ»፣ «ዋንስ» የሚባለውንም «ዉንስ» ይል ነበር። የቀድሞ ተማሪው ጋሪክ በመድረክ ሰውነቱ እያስመሰለ ሰውን ያሥቅበት ነበር። የእንግሊዝኛን ቃላት ሁሉ የመዘነው ሰው በለንደን ማዕድ ላይ በአነጋገሩ ይሣቅበት ነበር ማለት ነው! እርሱ ግን ዝም አላለም። እንዲያውም በዘመኑ እንደ እርሱ የሚናገር አልነበረም።

ለዛና ስሕተት አንድ እንዳልሆኑ መለየት ይገባል። የጎጃም ሰውና የሸዋ ሰው በለዛ ይለያያሉ፤ ይግባባሉም። ነገር ግን «ዋና» የሚለውን የውጭ ሰው ማጥበቅና ማላላት ካላወቀ፣ ውሃ መዋኘትንና ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያደባልቃል። በ«ገና»ም እንዲሁ በዓሉንና «እስከ አሁን» የሚለውን ያደባልቃል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ከእናታችን ሰምተን እንጂ አንብበን አላወቅነውም። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ኃይለ ድምፁን በፊደል ውስጥ ይደብቃል። ስለዚህ በለዛችን ልናፍር አይገባም፤ ትርጉም የሚለውጠውን ግን ጠንቅቀን ልናውቅ ይገባል።

ራስላስና የኋላ ዘመኑ

መዝገቡ ስም እንጂ ሀብት አላመጣለትም። በ1756 ዓ.ም. በ5 ፓውንድ ከ18 ሺሊንግ ዕዳ ተይዞ ደራሲው ሪቻርድሰን አስለቀቀው። በ1759 ዓ.ም. መጀመሪያ እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪና የተወችውን ጥቃቅን ዕዳ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ይህም «ራስላስ» የተባለው ነው።

ራስላስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ነው፤ እንደ ጥንቱ የግሸን አምባ ልማድ ከመሳፍንቱ ጋር በተራራ በተከበበ ለምለም ሸለቆ ይኖራል። ምንም ሳይጎድልበት ልቡ አላርፍ ይለዋል። ከእኅቱ ከነቃያህና ኢምላክ ከተባለ ባለቅኔ ጋር ወጥቶ ካይሮ ይደርሳል፤ ሰው እንዴት ቢኖር ደስ ይለዋል እያለ ከሊቁም ከመናኙም ከባለጠጋውም ዘንድ ይመረምራል። ስሙ በሎቦ መጽሐፍ ከሚገኘው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም የተወሰደ ይመስላል። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይወስናሉ። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ከአገሩ ወጥቶ በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ዕውቀት ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዚህ የቀረበ መጽሐፍ ያለ አይመስለንም።

በ1762 ዓ.ም. መንግሥት በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ቆረጠለት። ከዚያ በኋላ ቤቱ የችግረኞች መጠጊያ ሆነ። ዓይነ ስውር ባለቅኔ ሴት፣ ሥራ ያጡ ሰዎች፣ የድኾች ሐኪም ሮበርት ሌቬት ሁሉ ከእርሱ ጋር ኖሩ። ሌቬት በፓሪስ የቡና ቤት አስተናጋጅ ሳለ ከሚያስተናግዳቸው ሐኪሞች አፍ ሕክምና የተማረ ነው። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርንም በልጅነቱ ተቀብሎ በራሱ ወጪ ትምህርት ቤት ላከው፤ ሲሞትም የንብረቱ ወራሽ አደረገው።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። በወጣትነቱ የታመመው አባቱ ኡቶክሲተር በተባለች ከተማ ገበያ መጽሐፍ እንዲሸጥለት ሲልከው በኩራት እምቢ ብሎት ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ የተከበረ ሽማግሌ ወደዚያው ገበያ ሄዶ፣ የአባቱ መደብ በነበረበት ቦታ ባርኔጣውን አውልቆ በዝናብ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆመ።

ቃል ያጣበት ሌሊት

በሰኔ ወር 1783 ዓ.ም. ጆንሰን በሌሊት ነቃ፤ መናገርም አቃተው። ስትሮክ መሆኑን ራሱ ተረዳ። አእምሮው ደኅና መሆኑን ለመፈተን በልቡ የላቲን ጸሎት በግጥም ደረሰ። ግጥሙ ጥሩ አለመሆኑን አወቀ፤ ይህን መለየት በመቻሉም አእምሮው እንዳልተነካ ተረድቶ ተጽናና። በማለዳ በእጁ ጽፎ ለጎረቤቱና ለሐኪሞቹ አስታወቀ፤ እጁ ግን አንዳንዴ ያላሰበውን ፊደል ይጽፍበት ነበር። ፖል ብሮካ የንግግርን ቦታ በአንጎል ውስጥ ያመለከተው በ1861 ዓ.ም. ነው። ጆንሰን ከዚያ ሰባ ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ ቃልን ማሰብና ቃልን መናገር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን በራሱ ላይ አየ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት።

በታኅሣሥ 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመቱ ሞተ፤ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። አስከሬኑ ሲመረመር ሳንባው ከልክ በላይ በአየር ተነፍቶ ተገኘ። ማቲው ቤይሊ ባሳተመው የበሽታ ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያለው የኤምፊዚማ ሳንባ የእርሱ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ጆንሰን ለሕክምና ተማሪዎች ከሞተም በኋላ አስተምሯል።

ከሕይወቱ የምንማረው

ቃልን ብቻውን ነጥሎ በዝርዝር መሸምደድ ጎታ ውስጥ ገለባ እንደ ማከማቸት ነው። ስለዚህ የጆንሰንን ቁራጭ ወረቀት ለራሳችን እናድርገው። አዲስ ቃል ስናገኝ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ከነሙሉው እንጻፍ፤ ድምፁ የሚጠነክርበትን ቦታ እናሰምርበት፤ ያው ቃል በሌላ መጽሐፍ በሌላ ትርጉም ሲመጣ በዚያው ወረቀት ላይ እንጨምር። «አኪዩት» ማለት በሕክምና ድንገት የመጣና አጭር ጊዜ ያለው እንጂ ብርቱ ማለት ብቻ አይደለም። «ፕሪስክራይብ» መድኃኒት ማዘዝ ሲሆን «ፕሮስክራይብ» መከልከል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ድምፅ የሰው ሕይወት ያህል ይከብዳል። «ዲስክሪት» በአንድ ድምፅ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ በአንደኛው ምሥጢር ጠባቂ፣ በሁለተኛው አንዱ ከአንዱ ተለይቶ የቆመ ማለት ነው። እንደ መጀመሪያው ሐኪሙ ራሱ፣ እንደ ሁለተኛው ደግሞ በቆዳ ላይ ያለው ሽፍታ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ቃሉን ጮክ ብለን፣ እርስ በርሳችን እየተራረምን እንናገረው። በማኅበራችን ክፍል ሁለት ሦስት ሆነን በሳምንት አንድ ምሽት ብንቀመጥ ወጪው የሻይ ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላት የሚሠራው በትዕግሥት መሆኑን ከራሳችን ሊቃውንትም እናውቃለን። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በዚሁ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ደከሙበት። ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ፤ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ሦስት ትውልድ ማለት ነው። እኛ በሦስት ወር አልገባ አለን ብለን ተስፋ ልንቆርጥ አይገባም።

በመጨረሻም ስለዚያ ስለ ተሣቀበት ተማሪ። በሁለተኛው መንፈቅ እጁን እንደገና ማንሣት ጀምሯል። አሁንም ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም እንዲያርሙት ይጠይቃል። «ኢንቫሊድ» የሚለውን ቃል ግን ከእንግዲህ ወዲያ አይሳሳትም። ይህን ጽሑፍ ከሚጽፈው እጅም እጅግ የራቀ ሰው አይደለም። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን አንዱ ቃል ሲስት ስንሰማ ከመሣቃችን በፊት ጎፍ ስኩዌርን እናስታውስ፤ ከሣቅንም በኋላ ቢሆን ቀስ ብለን ትክክሉን እንንገረው።